ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣው መኰንን



በአሜሪካ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ በምረቃ ሰሞን አንድ ሥነ ሥርዓት ይፈጸማል። የተመራቂ ካባ ለብሳ በምሕንድስና፣ በታሪክ ወይም በነርስነት ዲግሪዋን የምትቀበለው ተማሪ፣ በዚያው ሰሞን የመኰንን ልብስ ለብሳ ቀኝ እጇን ታነሣና ትምላለች። እናትና አባቷ የምክትል መቶ አለቃነቱን ምልክት በትከሻዋ ላይ ያደርጉላታል። የመጀመሪያውን ወታደራዊ ሰላምታ ለሰጣት ባለሌላ ማዕርግም በቈየው ልማድ መሠረት አንድ የብር ዶላር ታበረክታለች። አንድ የትምህርት ተቋም በአንድ ሰሞን ለአንድ ሰው ሁለት ነገር ሰጠ፤ አንደኛው ዕውቀት፣ ሁለተኛው በሰው ሕይወት ላይ የማዘዝ ሥልጣን ነው።

የዚህ ንግግር ርእሰ ጉዳይ ይህን ሁለተኛውን ስጦታ የሚመለከት ነው። በእንግሊዝኛው አሕጽሮት አር. ኦ. ቲ. ሲ. ተብሎ የሚታወቀው የተጠባባቂ መኰንኖች ማሠልጠኛ ጓድ እንዴት ተመሠረተ? ምንስ ያስተምራል? ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለውን ሥራ በግቢው ውስጥ ሲቀበል የሚሸከመው ኀላፊነት እስከ ምን ድረስ ነው? በንግግሩ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አሜሪካ ነጻነቷን ካገኘችበት ጊዜ አንሥቶ ሕዝቧን ሁለት ፍርሃቶች ሲያሳስቡት ኖረዋል። አንደኛው ፍርሃት፣ ከሕዝብ ተለይቶ በሰፈሩ የሚኖርና ለራሱ ብቻ ታማኝ የሆነ ቋሚ ጦር አንድ ቀን መንግሥትን ይቀማል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጠላት ድንገት ሲነሣ ጦሩን የሚመራ የሠለጠነ ሰው ይታጣል የሚል ነው። በ1802 የተቋቋመው የዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ለሁለተኛው ፍርሃት መልስ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ግን ከማስታገሥ ይልቅ ያባባሰ መስሎ የታያቸው ሰዎች ነበሩ። የመኰንንነት ሙያ በአንድ ግቢ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ከዚያ የሚወጡት ሰዎች ከዜጋው የተለየ መደብ ይሆናሉ ብለው ይከራከሩ ነበር።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ራሱ የዌስት ፖይንት የበላይ ኀላፊ የነበረው ሻምበል ኦልደን ፓርትሪጅ ነው። ፓርትሪጅ በ1819 በቬርሞንት ክፍለ ሀገር በኖርዊች ከተማ፣ በኋላ ኖርዊች ዩኒቨርሲቲ ለመባል የበቃውን ትምህርት ቤት አቋቋመ። በዚያ ትምህርት ቤት ተማሪው ሥነ ጽሑፍንና ሳይንስን ከግብርናና ከምሕንድስና ጋር እየተማረ፣ የወታደርነትንም ሙያ ጎን ለጎን ይቀስም ነበር። የመሥራቹ አሳብ፣ የዚህ ትምህርት ቤት ምሩቅ በሰላም ጊዜ በዜግነቱ ሠርቶ የሚኖር፣ በጦርነት ጊዜም ወገኖቹን ለመምራት ዝግጁ የሆነ ሰው እንዲሆን ነበር።

ይህ አሳብ የመላ ሀገሪቱ ሕግ የሆነው በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል ነው። ጀስቲን ሞሪል የተባለው የቬርሞንት ተወካይ ያቀረበውን ሕግ ፕሬዚዳንት ቡካናን በ1859 ሳይቀበሉት ቀርተው ነበር፤ ፕሬዚዳንት ሊንከን ግን ሐምሌ 2 ቀን 1862 ፈረሙበት። በሕጉ መሠረት እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር በኮንግረስ ባሉት ሴናተሮችና ተወካዮች ቍጥር ልክ ለአንዱ 30,000 ኤከር መሬት እየታሰበለት፣ ከሽያጩ በሚገኘው ገንዘብ የግብርናና የመካኒክ ሙያ የሚያስተምር ኮሌጅ እንዲያቋቁም ተፈቀደለት። ለተራው ሕዝብ ልጅ የከፍተኛ ትምህርትን በር የከፈተው ይኸው ሕግ፣ የጦር ስልት ትምህርትም በእነዚህ ኮሌጆች እንዲሰጥ አዘዘ። ሐረጉ የተጨመረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጦርነቱ ሲጀመር ሮበርት ሊን የመሳሰሉ በዌስት ፖይንት የተማሩ ብዙ መኰንኖች ወደ ደቡቡ ጐራ ስለ ገቡ፣ ሰሜኑ የመኰንን እጥረት ክፉኛ ተሰምቶት ነበር።

ይሁን እንጂ ሕጉ የጦር ስልት ይሰጥ አለ እንጂ በምን መልክ እንደሚሰጥ ዘርዝሮ አልወሰነም። በመሆኑም በአንዱ ኮሌጅ ትምህርቱ ብርቱ ሲሆን በሌላው ከሰልፍ ልምምድ የማያልፍ ሆኖ ግማሽ ምእት ዓመት አለፈ። አንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓን በሚያነድበት ወቅት፣ በ1916 የወጣው የሀገር መከላከያ ሕግ የተበታተነውን ሥራ በአንድ ሥርዓት ሰብስቦ አር. ኦ. ቲ. ሲ.ን መሠረተ። የባሕር ኀይሉ የራሱን ክፍል በ1926 በስድስት ዩኒቨርሲቲዎች ጀመረ፤ የአየር ኀይሉም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ራሱን የቻለ ኀይል ሲሆን የራሱን አቋቋመ። ዛሬ ይህ መንገድ ለምድር ጦሩ በየዓመቱ የሚያወጣው አዲስ መኰንን ቍጥር ዌስት ፖይንት ከሚያወጣው እጅግ ይበልጣል።

ትምህርቱ በአራት ዓመት የሚፈጸም ሆኖ በሁለት ይከፈላል። በምድር ጦሩ ክፍል የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት መሠረታዊው ኮርስ ይባላሉ። በዚህ ጊዜ የነጻ ትምህርት ዕድል ያልተቀበለ ተማሪ ምንም ዓይነት ግዴታ ሳይገባ ኮርሱን እንደ ማንኛውም ትምህርት ተከታትሎ፣ ካልተስማማው ሊተወው ይችላል። ካርታ ማንበብን፣ የመጀመሪያ ርዳታን፣ በሰዎች ፊት መናገርን፣ ጊዜን ማብቃቃትንና አንድን አነስተኛ ቡድን መምራትን ይማራል። በሳምንት ጥቂት ቀናት ጎሕ ሲቀድ ለአካል ማጠንከሪያ ልምምድ ይነሣል፤ ከዚያም ታጥቦ ከሌሎቹ ተማሪዎች ጋር የሒሳብ ወይም የፍልስፍና ትምህርቱን ለመከታተል ይቀመጣል።

ሦስተኛው ዓመት የውል ዓመት ነው። በከፍተኛው ኮርስ ለመቀጠል የሚፈልግ ተማሪ ሲመረቅ መኰንን ሆኖ ለማገልገል ይፈርማል፤ ከፊርማው በኋላ ዕጩ መኰንን ይባላል። በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት መካከል ባለው ክረምት ከየዩኒቨርሲቲው የተውጣጡት ዕጩዎች በኬንተኪ ወደሚገኘው ፎርት ኖክስ ሄደው ከአንድ ወር በላይ በሜዳ ይፈተናሉ። በአራተኛው ዓመት ደግሞ ከበታቻቸው ያሉትን ተማሪዎች የማሠልጠን ሥራ ለእነሱ ይተዋል። ተምሮ ማስተማር የዚህ ሥርዓት ዐምድ ነው።

በማስተማር ሥራ ላይ ላለ ሰው ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው መሪነት በዚህ ኮርስ እንዴት እንደሚሰጥ ነው። መሪነት ከመጽሐፍ ብቻ የሚቀዳ ትምህርት አይደለም፤ የተወለዱበት ጸጋ ነው ብሎ መተውም የመምህርን ሥራ መካድ ነው። ኮርሱ የሚከተለው ዘዴ ሥልጣንን በተራ ማዞር ነው። ዛሬ ቡድኑን የሚመራው ዕጩ ነገ ከተርታው ገብቶ የጓደኛውን ትእዛዝ ይፈጽማል። አንድ የሃያ ዓመት ወጣት በጨለማ ጫካ ውስጥ ኮምፓስና ካርታ ይዞ ጓደኞቹን ወደ ተወሰነለት ቦታ እንዲያደርስ ይታዘዛል። ዝናብ ይዘንባል፤ ከመካከላቸው አንዱ ደክሟል፤ ሌላው መንገዱ ተሳስቷል እያለ ያጉረመርማል። መሪው በዚህ ጊዜ ሊቈጣ፣ ሊያባብል ወይም ቈም ብሎ ካርታውን እንደገና ሊመለከት ይችላል። ምርጫው የእሱ ነው፤ ተጠያቂነቱም እንደዚሁ።

ትምህርቱ የሚፈጸመው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ሥራው እንዳለቀ ሁሉም በአንድነት ተቀምጠው ምን ታቅዶ እንደ ነበር፣ ምን እንደ ተፈጸመ፣ ልዩነቱም ከምን እንደ መጣ ይመረምራሉ። በዚህ ምርመራ ላይ ታዛዡ መሪውን ፊት ለፊት ይናገረዋል፤ መሪውም ስሕተቱን በራሱ አንደበት ይገልጣል። ከዓመት ዓመት እንዲህ ሲመረመር የኖረ ሰው፣ ማዘዝ ማለት ስለ ትእዛዙ መልስ ለመስጠት መዘጋጀት መሆኑን ይለምዳል። ወደ ውትድርና የማይሄደው ተማሪ እንኳ ከመሠረታዊው ኮርስ ሊያገኝ የሚችለው ዋና ትርፍ ይህ ልማድ ነው።

የዚህ መንገድ ፍሬ ከሆኑት ሰዎች ስሙ በሰፊው የሚታወቀው ኮሊን ፓወል ነው። ከጃማይካ የፈለሱ ወላጆች ልጅ የሆነው ፓወል በ1937 በሃርለም ተወልዶ በደቡብ ብሮንክስ አደገ፤ ከዚያም የሕዝብ ተቋም በሆነው በኒው ዮርክ ሲቲ ኮሌጅ የከርሠ ምድር ጥናት ተማረ። ውጤቱ መካከለኛ ነበር። በአር. ኦ. ቲ. ሲ. ሲገባ ግን ሥርዓቱን፣ ወዳጅነቱንና የሚሄድበትን ዓላማ አገኘ። በ1958 ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ የወጣው ይህ ወጣት በ1989 የጥምር ጦር አዛዦች ሰብሳቢ፣ በ2001 ደግሞ የውጭ ጕዳይ ሚኒስትር ለመሆን በቃ። አባቱ መኰንን ያልሆነ፣ አማላጅም የሌለው የስደተኛ ልጅ በዩኒቨርሲቲ በር በኩል እንዲህ ካለ ማዕርግ መድረሱ ፓርትሪጅና ሞሪል የተመኙትን የሚመሰክር ነው።

በሩ ግን ለሁሉም እኩል ተከፍቶ አልኖረም። ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1948 በጦሩ ውስጥ የእኩልነትን ትእዛዝ እስኪያወጡ ድረስ፣ ጥቁር መኰንኖች ተለይተው በጥቁር ክፍሎች እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር። በእነዚያ ዓመታት የጥቁሮች ኮሌጆች የወታደርነትን ትምህርት አጥብቀው ይዘውት ኖረዋል። ከዌስት ፖይንት የተመረቀው ሦስተኛው ጥቁር መኰንን ቻርልስ ያንግ ገና በ1894 በዊልበርፎርስ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ትምህርት እንዲሰጥ ተመድቦ ነበር። ሴቶችም በአየር ኀይሉ ክፍል በ1969፣ በምድር ጦሩና በባሕር ኀይሉ ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገቡ።

ዩኒቨርሲቲና ጦር በአንድ ግቢ ሲኖሩ ክርክር አለመነሣቱ ቢቀር ነበር የሚያስደንቀው። የመጀመሪያው ክርክር ስለ ግዴታ ነው። የመሬት ስጦታ ኮሌጆች በሆኑት በብዙዎቹ ወንድ ተማሪ ሁሉ መሠረታዊውን ኮርስ እንዲወስድ ይገደድ ነበር። ዊስኮንሲን በ1923፣ ሚኔሶታ በ1934 ግዴታውን አነሡ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግን ሃይማኖታችን አይፈቅድልንም ያሉ ተማሪዎች አቤቱታ አቅርበው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1934 ዩኒቨርሲቲው ለማስገደድ መብት አለው ሲል ወሰነባቸው። ያም ሆኖ ዩኒቨርሲቲው ራሱ በ1962 ግዴታውን ተወው። በሕግ የተፈቀደ ሁሉ ለትምህርት የሚበጅ አለመሆኑን ጊዜ አስተማረው።

ሁለተኛው ክርክር በቬትናም ጦርነት ዘመን የተነሣው ነው። ተቃዋሚዎቹ ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዳንዶቹ ጦርነቱን ብቻ የሚመለከቱ ነበሩ፤ ሌሎቹ ግን ለማንኛውም መምህር የሚገቡ ናቸው። ሕጉ የማሠልጠኛውን የበላይ መኰንን የፕሮፌሰርነት ማዕርግ እንዲሰጠው ያዝዛል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ መዝኖ ያልመረጠውን ሰው እንዴት ፕሮፌሰር ይለዋል? ይዘቱን ለማይወስነው ኮርስስ እንዴት ክሬዲት ይሰጣል? በሃርቫርድ የመምህራኑ ጉባኤ በ1969 መጀመሪያ ኮርሱ ክሬዲት እንዳይሰጠው ወሰነ፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ተማሪዎች የአስተዳደሩን ሕንጻ ያዙ። ግንቦት 2 ቀን 1970 በኦሃዮ በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአር. ኦ. ቲ. ሲ. ቤት ተቃጠለ፤ ከሁለት ቀን በኋላም የክፍለ ሀገሩ ብሔራዊ ዘብ በተማሪዎች ላይ ተኵሶ አራቱን ገደለ፣ ዘጠኙን አቈሰለ።

ከዚያ ወዲህ ሃርቫርድን፣ የልንና ኮሎምቢያን ከመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ማሠልጠኛው ለአርባ ዓመት ያህል ርቆ ኖረ። በ1973 የግዴታ ምልመላ ስለ ቀረም ወደ ጦሩ የሚገባው በፈቃዱ የሚመጣው ብቻ ሆነ። በኋላ ደግሞ የጦሩ ሕግ ግብረ ሰዶማውያንን በግልጽ እንዳያገለግሉ በመከልከሉ ክርክሩ አዲስ መልክ ያዘ። ኮንግረስ በ1990ዎቹ ማሠልጠኛውንና መልማዮችን የሚከለክል ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ገንዘብ እንዲያጣ ደነገገ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም የመልማዮችን መግባት በሚመለከት ክርክር በ2006 ሕጉን አጸና። ክልከላው በ2010 በወጣ ሕግ ተሽሮ በ2011 ሲቀር ሃርቫርድና ኮሎምቢያ የባሕር ኀይሉን ማሠልጠኛ መልሰው ተቀበሉ።

የዚህን ሁሉ ክርክር ክብደት ለመመዘን ወደ አንድ መራራ ታሪክ መመለስ ያስፈልጋል። መጋቢት 16 ቀን 1968 በቬትናም ማይ ላይ በተባለ መንደር የአሜሪካ ወታደሮች ያልታጠቁ ሴቶችን፣ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ፈጁ፤ በቬትናም ወገን የተመዘገበው የሟቾች ቍጥር 504 ነው። በዚህ ወንጀል በ1971 የተፈረደበት መቶ አለቃ ዊልያም ካሊ ኮሌጅ ጀምሮ ያልፈጸመ፣ መኰንንነቱንም በአጭር ኮርስ ያገኘ ሰው ነበር። ከዚህ በመነሣት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር ያሉ አልጠፉም። ነገር ግን ክፍለ ጦሩን ያዝዙ የነበሩትና ነገሩን በመሸፋፈን ተከሰው፣ ክሱ ቢነሣላቸውም ከማዕርግ ዝቅ የተደረጉት ጄኔራል ሳሙኤል ኮስተር የዌስት ፖይንት ምሩቅ ነበሩ። በአንጻሩ ሄሊኮፕተሩን በገዳዮቹና በመንደሩ ሰዎች መካከል አሳርፎ የቻለውን ያህል ነፍስ ያዳነው ሂዩ ቶምሰን፣ በማዕርግ ከሁለቱም ያነሰ አብራሪ ነበር።

እንግዲህ ዲግሪም ሆነ የታወቀ አካዳሚ ብቻውን ለኅሊና ዋስ ሊሆን አይችልም። ዩኒቨርሲቲው ለዕጩ መኰንኑ ሊያበረክት የሚችለው፣ የተነገረውን እንዲመረምር፣ ከማይመስለው ሰው ጋር እንዲኖርና እንዲከራከር፣ ለምን ተብሎ ሲጠየቅም በምክንያት እንዲመልስ ማድረግ ነው። ይህ ሊሆን የሚችለው ግን ዩኒቨርሲቲው ማሠልጠኛውን እንደ ተከራይ ሳይሆን እንደ ራሱ ክፍል ሲቈጥረው ነው። አዳራሹን ሰጥቶ ዓይኑን የጨፈነ ዩኒቨርሲቲ፣ አዳራሹን ነፍጎ እጁን ከታጠበው በብዙ አይሻልም፤ በሁለቱም በኩል መኰንኑ ያለ እሱ ምክር ይወጣልና።

ተማሪዎቹ የሚፈጽሙት መሐላ ራሱ ይህን ይጠይቃል። በአሜሪካ ባለሌላ ማዕርግና ተራ ወታደር ሲቀጠር ሕገ መንግሥቱን ለመደገፍና ለመጠበቅ፣ የፕሬዚዳንቱንና የአለቆቹንም ትእዛዝ ለመፈጸም ይምላል። በመኰንኑ መሐላ ውስጥ ግን ይህ የመታዘዝ ቃል የለም፤ መኰንኑ የሚምለው ለሕገ መንግሥቱ ነው። ይህም ከመታዘዝ ነጻ ያወጣዋል ማለት አይደለም፤ የጦር ሕግ ሁሉንም ያስራል። ነገር ግን ትእዛዝና ሕግ በተለያዩበት ሰዓት መመርመርና መወሰን ከመኰንኑ ይጠበቃል። ሕገ መንግሥትን ሳያነብና ሳይከራከርበት የማለ ሰው ቃሉን እንዴት ይጠብቃል?

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ የተጓዘችበት መንገድ ሌላ ነበር። በሐረር የተቋቋመው የጦር አካዳሚ ዕጩ መኰንኖቹን በራሱ ግቢ፣ በሕንዳውያን መኰንኖች ርዳታ ያሠለጥን ነበር። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ደግሞ በ1964 በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ወደ ገጠር እየወረደ፣ በብዛት በመምህርነት፣ አንድ ዓመት ሕዝቡን ያገለግል ነበር። ሁለቱም ወጣቶች ሀገራቸውን ያገለገሉ ሲሆኑ፣ በትምህርት ዘመናቸው ግን በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው አልተከራከሩም።

ዛሬ በአሜሪካ ልጆቻቸውን ለሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ግን ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። የትምህርት ዋጋ በከበደበት ጊዜ የነጻ ትምህርት ዕድሉ ብርቱ ረድኤት ነው፤ ዜግነት ላለው ልጅም በሩ ክፍት ነው። ይሁን እንጂ ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል እንደሚባለው፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት በቤተሰብ ፊት ሊነበብ ይገባዋል። በመደበኛው ጦር ቢሆን ወይም በተጠባባቂነት፣ የአገልግሎቱ ግዴታ በጠቅላላው ስምንት ዓመት ነው። ውሉን ያፈረሰ ዕጩ የተከፈለለትን ገንዘብ እንዲመልስ ወይም በተራ ወታደርነት እንዲያገለግል ሊጠየቅ ይችላል። ልጁ የሚፈርመው ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ብቻ አይደለም፤ የሌሎች እናቶችን ልጆች ሊመራ ነው።

የማኅበሩ አባላት ከመምህርነት ወንበር ሆነው ይህን ጉዳይ ሲመለከቱ ጥያቄው ወደ እያንዳንዱ መማሪያ ክፍል ይመለሳል። መሪን የሚያወጣው የጦር ማሠልጠኛ ብቻ አይደለም፤ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ዳኛና ርእሰ መምህርም በሰው ሕይወት ላይ ያዝዛሉ። በጨለማው ጫካ ውስጥ ካርታ የያዘው ወጣት ሲሳሳት ጓደኞቹ ይነግሩታል፤ እሱም ይሰማል፤ በሚቀጥለው ሌሊት ሌላው ይመራል። እንዲህ ያለ ልምምድ ከሰልፉ ሜዳ ወጥቶ በሁሉም የትምህርት ክፍል ቢገባ፣ ሥልጣን ሲሰጠው መልስ መስጠትን አስቀድሞ የለመደ ትውልድ ይወጣል። ይህን ማስለመድ ደግሞ የመምህሩ ፋንታ ነው።